38 ካርቶን የእድር ወረቀት፦ የስራ ሂደቱን ስስለው የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ማህደር ዘአራት ኪሎ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ቤተ መዛግብት ነው የምሰራው። ሦስት ሰዎች ነን። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የአንድ እድር ወረቀት ወደ እኛ መጣ። 38 ካርቶን ነው። የፓስታ ካርቶን፣ የሳሙና ካርቶን፣ አንዳንዱ በሲባጎ የተጠፈረ። ሰፈርተኛው በየአቅጣጫው ሲሄድ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ወሳጅ አገኘ። ወረቀቱን ግን ማን ይውሰደው? ተሸክመው አምጥተው ሰጡን። እኔ ይህን አደራ ነው የምለው።

ውስጡ የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮ ደብተር፣ ቃለ ጉባኤና ደረሰኝ አለ። እስካሁን ካየናቸው የመጀመሪያው ደብተር 1951 ይላል።

ችግሬ ይሄ ነው። ሁለት ዓመት አልፎን ለአንባቢ ያደረስነው 11 ካርቶን ብቻ ነው። አለቃዬ "የት እንደሚዘገይ በስዕል አሳዪኝ" አለችኝ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳልኩ። ርክክብ፣ ምዝገባ፣ ጽዳት፣ መለየት፣ ማደራጀት፣ መግለጫ መጻፍ (ውስጡ ምን እንዳለ ለፈላጊ መዘርዘር)፣ ማሸግ፣ መደርደሪያ፣ አንባቢ። ዘጠኝ ሳጥን፣ ስምንት ቀስት። ያምራል። ግን እውነት አይደለም። ካርቶን 12ን ብቻ ብታዩት ከመግለጫ ወደ መለየት ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ስዕሌ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀስት የለም። "የስራ ሂደት" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በቢፒአር (በመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ) ጊዜ በየግድግዳው የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ነው። ያንን መድገም አልፈልግም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አንዲት እናት ሦስት ታክሲ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ፣ ካረፉ ቆይተዋል። "የእጅ ጽሑፉን አንዴ ልየው ብዬ ነው" አሉኝ። የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ አላውቅም። "ገና እየሰራንበት ነው እማማ" አልኳቸው። ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስዕሉን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የምስለው የሚሰራውን ነው ወይስ መሰራት ያለበትን? ስካን ማድረጉስ የት ጋ ይገባል? አለቃዬ ከሁሉ በፊት ስካን ይደረግ ትላለች።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ማህደር ልጄ፣ ወረቀቱ እናንተ ዘንድ በመድረሱ ደስ ብሎኛል። እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሰርቻለሁ። ስዕልሽ ላይ ያለው የእናንተ ስራ ነው። ካርቶኑ የት እንደዋለና የት እንዳደረ አይታይበትም።

አንድ ካርቶን ምረጪ። ያንኑ 12 ቁጥርን ያዢ። ላዩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ። የነካው ሁሉ አራት ነገር ይጻፍ፦ መቼ አነሳሁት፣ ምን ሰራሁ፣ መቼ አስቀመጥኩት፣ ለምን አስቀመጥኩት። አራተኛዋ እንዳትዘለል። ለምሳ ከሆነም ለምሳ ይባል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ከዚያ ወረቀት ላይ ተነስተሽ ሳይ። በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ጠፋ ሲባል የምንፈልገው እንዲህ ነበር። የገቢ መዝገቡን ይዘን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እንዞራለን። መመሪያ ስናነብ አንገኝም።

ሌላው፣ ጸሐፊው በቤት ቁጥር ደርድሮት ከሆነ ወደ ፊደል ተራ እንዳትገለብጪው። የአንዱ ባለቤት ወረቀት ከሌላው አይቀላቀል የሚለው ደንብ በ1841 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ባለቤቱ የደረደረበት ተራ ይጠበቅ የሚለውን ፕሩሲያዎች በ1881 አጸኑት። እኔ ግን ከደንቡ ይልቅ የማምነው ጸሐፊውን ነው። ያ ሰው ሌሊት የለቅሶ መርዶ ሲመጣበት በባትሪ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። እንዲያ የደረደረበት ምክንያት አለው።

ሰማያዊ ክላሰር

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። እኔ የማተኩረው "ጽዳት" ያልሻት ሳጥን ላይ ነው። አግራፍና ስፒል ሁሉ ትነቅላላችሁ? እኛ እንነቅል ነበር። አንድ ሰው ሙሉ ቀን አግራፍ ሲነቅል ይውላል፣ ማታ ግማሽ ካርቶን አይሞላም። በ2005 እ.ኤ.አ. ማርክ ግሪንና ዴኒስ ማይስነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ይህንኑ ጽፈዋል። በጥቃቅን ስራ እየተጠመድን አንባቢውን እናስጠብቃለን ነው ነገራቸው። እነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚቆጣጠሩበት ክፍል አላቸው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ስለዚህ የዛገውን ንቀሉ፣ ያልዛገውን ተዉት።

መግለጫውንም ለሁለት ክፈይው። ዓለም አቀፉ የመዛግብት መግለጫ ደረጃ 26 ነጥቦች አሉት። የግድ የሚባሉት 6 ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ወረቀቱን ያመነጨው አካል፣ ዘመን፣ መጠን፣ የመግለጫው እርከን (የተገለጸው መላው ስብስብ ነው፣ አንድ ፎልደር ወይስ አንድ ወረቀት)። ለጊዜው እነዚህን ብቻ በየካርቶኑ ጻፊና 38ቱንም ጨርሺ። ዝርዝሩን ተመልሰሽ ትሰሪዋለሽ። እናትየዋ ሲመጡ ቢያንስ የትኛውን ካርቶን እንደምታወርጂ ታውቂያለሽ።

ስካን ግን ሳይደራጅ በፍጹም! አንድ የሰራሁበት ቤት ውስጥ በዚያ ነው የጀመርነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ "ስካን 0001"፣ "ስካን 0002" እያለ በሺዎች ተከመረ። የትኛው ገጽ ከየትኛው ደብተር እንደመጣ የሚያውቅ ጠፋ። እንደገና ሀ ብለን ጀመርን። አለቃሽን ይህን ንገሪያት።

ዘ13 ወር

ለሁለት ነገር ብቻ ልግባ። አንደኛ ዘመን። ብዙው ሶፍትዌር ቀን ሲጠይቅ የፈረንጁን ነው የሚጠብቀው። ደብተሩ 1966 ካለ 1966 ብለሽ እንዳለ ጻፊ፣ ከጎኑ 1973–1974 እ.ኤ.አ. ይግባ። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ 7 ዓመት ነው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ፈረንጆቹ ዓመት ሲቀይሩ 8 ይሆናል። ወሩን ሳታውቂ በአንድ ቁጥር ብቻ ከቀየርሽው ትስቻለሽ።

ሁለተኛ ቃለ ጉባኤው። የእድር ቃለ ጉባኤ ውስጥ የሰው በሽታ አለ። የባልና ሚስት ጸብ አለ። መዋጮ ያቃተው ሰው ስም አለ። ልጆቻቸው ዛሬም በህይወት አሉ። ወደ መደርደሪያ ከመሄዱ በፊት "ይህ ለሁሉም ይከፈት ወይ?" የምትል ሳጥን ትግባ። ማን እንደሚመልሳትም ይጻፍባት።

ማህደር ዘአራት ኪሎ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁም ተባረኩ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ካርቶን 12 ላይ ወረቀት ለጥፈን 14 ቀን ተከተልነው። ከዚያ ሁሉ ጊዜ የሰው እጅ ያረፈበት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የቀረውን ቆሞ ነው ያሳለፈው። አምስት ቀን የድሮ እጅ ጽሑፍ የሚያነበው ባልደረባችን ጠረጴዛ ላይ ቆመ። እሱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያቃተንን ሁሉ እሱ ላይ ስለምንከምርበት ነው። ሦስት ቀን ደግሞ ፎልደር ጠበቀ።

"ለምን አስቀመጥኩት" በሚለው አምድ ላይ ግን በሦስታችንም እጅ አንድ ነገር ተጽፎ አገኘሁ። "ደረሰኙ የት እንደሚገባ ልጠይቅ።" አራት ጊዜ። ለካ ወደ ኋላ የሚመልሰን ይሄ ነው። ደረሰኝ ለብቻው ይሁን ወይስ ከለቅሶው ጋር የሚለውን ማንም ወስኖት አያውቅም። በየካርቶኑ እንደ አዲስ እንጠይቃለን።

አንዱን አውጥተን ሦስታችንም ከበብነው። የ1967 የሐዘን ማስታወቂያ ነው፣ ግማሽ ገጽ። ከኋላው ሦስት ደረሰኝ በስፒል ተያይዟል። የንፍሮ ስንዴ፣ የስኳር፣ የጥሩምባ ነፊው ክፍያ። ስፒሉ ዝጎ በአራቱም ወረቀት ላይ እዚያው ቦታ ቡናማ ነጥብ ጥሏል። ጸሐፊው አንድ ያደረገውን እኛ ልንበትነው ነበር። ስፒሉን ነቀልነው፣ አራቱን ግን በአንድ ፎልደር አስገባናቸው። ስዕሉ ላይ "መለየት" ከሚለው ሳጥን አጠገብ "ደረሰኝ ከለቅሶው አይለይም" ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያች ጥያቄ አልተመለሰችም።

6ቱን ነጥቦች ይዘን 38ቱንም በስድስት ቀን ጨረስን። ስካን ከማሸጉ በፊት፣ ፎልደሩ ቁጥር ካገኘ በኋላ እንዲሆን አለቃዬ ተስማምታለች። ቃለ ጉባኤው ለጊዜው ተዘግቷል። በሕይወት ያሉትን የእድሩን ዳኛ ሳናማክር አንከፍተውም።

ካርቶን 29 ውስጥ አንድ ወፍራም የአባላት መዝገብ አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ የእናትየዋ ባለቤት "ጸሐፊ" ብለው ፈርመዋል። ሙሉው መዝገብ በአንድ እጅ ነው የተጻፈው፣ ፊደሉ ጎኑን ያዘነበለ። ደወልኩላቸው። ማክሰኞ ይመጣሉ። 29 ገና አልተደራጀም፣ ግን የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ይህ መዝገብ በሲባጎ የታሰረ ነው። ሲባጎውን ላውጣው ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ቋጠሮውን መጀመሪያ ፎቶ አንሺው። ጠርዙን እየቆረጠ ከሆነ ፍቺውና በጠፍጣፋ የጥጥ ጥብጣብ ቀይሪው፣ ሳታጠብቂ። ካልቆረጠ እስከ ማክሰኞ አትንኪው። ሲመጡ እሳቸው ይፍቱት።