ጥቆማ፦ ለጉዞም ለአዘቦትም የሚሆን ባለ ረጅም ዙም ካሜራ

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ። መግዛት የምችለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ የሚያርፉትን ወፎች፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ ጭላዳዎቹን፣ በሌላው ቀን ደግሞ ልጆቹንና ሰፈሩን ለማንሳት ነው። ሌንስ መቀያየር አልፈልግም። ሻጮቹ 60 ኤክስ፣ 83 ኤክስ፣ 125 ኤክስ እያሉ ይጠሩልኛል። ኤክሱ ሲበዛ ይሻላል ማለት ነው? ያገለገለ ብገዛስ ምን ምኑን ልይ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከለገጣፎ

እህቴ፣ ኤክሱን እርሺው። ኤክስ ሌንሱ ከሰፊው ጫፉ እስከ ጠባቡ ስንት እጥፍ እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ አይናገርም። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 82 ባለ 60 ኤክስ ነው፣ ሶኒ ኤችኤክስ 400 ደግሞ ባለ 50። ሩቁን የሚያቀርበው የሌንሱ ሚሊሜትር ነው፤ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። የመጀመሪያው ከ20 ሚሊሜትር ተነስቶ 1200 ይደርሳል፤ ሁለተኛው ከ24 ተነስቶ እዚያው 1200 ላይ ይቆማል። ማዶ ያለችው ወፍ በሁለቱም እኩል ትታያለች። ባለ 60ው የሚበልጠው ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተ ዘመዱን በሙሉ ፎቶው ውስጥ በማስገባት ነው። ሻጩን «መጨረሻው ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብለሽ ጠይቂው።

ሚሊሜትሩን ወደ ሜዳ ለመመንዘር ደግሞ 36ን ለሚሊሜትሩ አካፍዪ። የሚወጣው ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ፎቶው በግምት ስንት ሜትር ስፋት እንደሚይዝ ነው። በ1200 ሚሊሜትር በየ10 ሜትሩ 30 ሳንቲሜትር ይይዛል። በ600 ስልሳ፣ በ400 ዘጠና፣ በ2000 ደግሞ 18 ሳንቲሜትር።

አሁን ጋጋኖ 50 ሜትር ላይ አረፈ እንበል። ቁመቱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው። በ1200 ፎቶው 1.5 ሜትር ስለሚሰፋ ወፉ ግማሽ ያህሉን ይሞላዋል። በ400 ግን 4.5 ሜትር ሣር አብሮ ይገባና ወፉ መሐል ላይ ያለች ነጥብ ትሆናለች። ጭላዳው ግን 15 ሜትር ላይ ከተቀመጠ በ400 ሚሊሜትር የፎቶው ስፋት 1.35 ሜትር ነው፤ ከነጎፈሩ ሙሉውን ይዘሽዋል። ለጭላዳ ብሎ 2000 ሚሊሜትር መሸከም አያስፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ በእግርሽ ለኪ፦ የምታነሺው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስንት እርምጃ ላይ ነው የሚገኘው?

ሁለተኛው ነገር ሴንሰር ነው (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው የካሜራው ክፍል)፣ ሻጮች የማያነሱት። ከ1000 ሚሊሜትር በላይ የሚደርሱት የዚህ ዓይነት ካሜራዎች በሙሉ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር የሆነች ሴንሰር ነው ያላቸው፤ የሕፃን ጥፍር ታክላለች። ትልቅ ሴንሰር ላይ ያን ያህል ርቀት ለማምጣት ሌንሱ በትከሻ የሚቻል አይሆንም። «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ የቆዳ ስፋቱ የትንሿን አራት እጥፍ። ልዩነቱ ሜዳ ላይ በፀሐይ ብዙም አይታወቅም። ማታ በአንድ አምፖል ልጅ ስታነሺ ግን ትንሿ ሴንሰር ፊቱን በውሃ እንደራሰ ቀለም ታደበዝዘዋለች። ለዚያ ሰዓት ደህና ስልክ ይሻላታል።

መልስ፣ ከቡራዩ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ካሜራዎቹን በስማቸው ልጥራቸው።

ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 82፦ 20–1200 ሚሊሜትር፣ 616 ግራም። ለገንዘቡ ብዙ ይሰጣል። ድክመቱ ዓይን የሚደገንበት መመልከቻው ነው፤ ትንሽና ሻካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ «ዲ»ው ሞዴል ይህን አስተካክሏል፣ ቻርጁም በዩኤስቢ ሲ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ባለ «ዲ»ውን ይውሰዱ።

ካኖን ኤስኤክስ 70 ኤችኤስ፦ 21–1365 ሚሊሜትር፣ 610 ግራም፣ እ.ኤ.አ. የ2018። ከትንሽ ሴንሰሮቹ መካከል ለአያያዝ ቀላሉ ይኼ ነው፣ መመልከቻውም ጥሩ ነው።

ኒኮን ፒ 950፦ 24–2000 ሚሊሜትር፣ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ገፈርሳ ዳር ቆሞ ውሃው ማዶ ያለውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ በዚህ ዋጋ የለም። ለልጆችና ለሰፈር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ኪሎ ዕቃ በአዘቦት ቀን ቤት ይቀራል። ወንድሙ ፒ 1000 3000 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱ 1.4 ኪሎ ነው። ለጉዞ አልመክረውም።

ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 1000፦ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር፣ 25–400 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 እስከ 4 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ስለሆነ አሁን የሚገኘው ያገለገለው ነው። ሶኒ አርኤክስ 10 ማርክ 4 ደግሞ 24–600 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.4 እስከ 4፣ ባለ 1 ኢንች ነው፣ አቧራና እርጥበትም ይቋቋማል። ሲወጣ 1,700 ዶላር ነበር። 20 ሜጋፒክሰል ስላለው የ600ውን ፎቶ ግማሽ በግማሽ ቢቆርጡት የ1200 ያህል ይቀርብና 5 ሜጋፒክሰል ይተርፋል፤ ለህትመትም ለስልክም በቂ ነው።

ኪስ የሚገባ ከተፈለገ ካኖን ኤስኤክስ 740 (24–960፣ 299 ግራም) እና ሶኒ ኤችኤክስ 99 (24–720፣ 242 ግራም) አሉ። ካኖኑ መመልከቻ የለውም። እዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ስክሪኑን ያጠፋዋል፤ በግምት ነው የሚያነሱት። በዚህ ምክንያት ሶኒውን እመርጣለሁ።

ለእርስዎ፦ ወፉ ከበለጠ ካኖን 70 ወይም ፓናሶኒክ 82 ዲ። ልጆቹና ጭላዳው ከበለጡ ያገለገለ ኤፍዜድ 1000።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «48 ሜጋፒክሰል፣ 4ኬ፣ 16 ኤክስ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ስም የለሽ ካሜራዎች በቴሌግራም ይዞራሉ። ያ 16 ኤክስ ዲጂታል ነው፤ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ብቻ። ዙም ሲደረግ ሌንሱ ከውስጥ ካልተንቀሳቀሰ አይግዙ።

መልስ፣ ከገላን

አቧራውን ማንም አላነሳም፣ እኛ ዳር ከተማ ያለነው ደግሞ ከምንም በላይ የሚያስቸግረን እሱ ነው። ዙም ሌንስ ሲወጣና ሲገባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይስባል፤ አየሩ አቧራ ካለው አቧራውንም ይስባል። የሚቀየር ሌንስ ቢሆን ተከፍቶ ይጠረግ ነበር። በእነዚህ ላይ ግን ሴንሰሩ ከሌንሱ ኋላ ታሽጓል፤ ለማጽዳት ካሜራው ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የሌንሱ ሞተር ቢበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው ሌንሱ ከነሞተሩ እንደ አንድ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ያገለገለ ካሜራ ከመግዛት ብዙ አያንስም።

ስለዚህ ያልተጠቀሰ አንድ ካሜራ ልጨምር፦ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 300። 25–600 ሚሊሜትር፣ እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8፣ አቧራና ጠብታ የሚቋቋም፣ 691 ግራም። ሴንሰሩ ትንሿ ናት፣ 12 ሜጋፒክሰል ብቻ። ነገር ግን በ600 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 2.8 ማለት ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ነው፤ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ይታወቃል። ጠጠር መንገድ ላይ በየቀኑ ለሚመላለስ ከኤስኤክስ 70 ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ሲገዛ የሚታየው እንዲህ ነው። ቀጠሮው በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ ይሁን። የራስሽን ሚሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ።

ካሜራውን አብሪና ዙሙን እስከ ጫፍ አውጥተሽ መልሺ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ መሬት አድርገሽ ድገሚው፤ ሞተሩ የደከመ ከሆነ የሌንሱን ክብደት ሽቅብ ሲገፋ ያቃስታል። እኩል የሆነ ቀጭን ድምፅ ደህና ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም መሐል ላይ ካመነታ ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። የሌንስ ስህተት የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ አጥፍቶ ማብራት ቢያስተካክለውም፣ ተዪው።

ቀጥሎ የሴንሰር አቧራ። የካሜራውን መዞሪያ ኤ (ካኖን ከሆነ ኤቪ) የሚለው ላይ አድርጊ፣ ኤፍ 8 ምረጪ፣ ዙሙን ሙሉ በሙሉ አውጪና ጥርት ያለ ሰማይ አንሺ። ፎቶውን አስፍተሽ ከጥግ እስከ ጥግ እይው። ዳሩ የደበዘዘ ግራጫ ክብ ካየሽ አቧራ ገብቷል። በሰፊው ጫፍና በኤፍ 2.8 አይታይም፤ ሻጭ በዚያ አንስቶ ቢያሳይሽ ማስረጃ አይሆንም።

የስልክ ባትሪ መብራት ከጎን ወደ ሌንሱ አብሪ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ክረምቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ያሳለፈ ዕቃ ላይ ይገኛል። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ፊት ለፊት አንሺና አራቱን ጥግ አወዳድሪ፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ካሜራው ወድቆ ያውቃል። ባትሪው ሲለቀቅ በራሱ ተንሸራቶ መውጣት አለበት፤ ከያዘው አብጧል። ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ክፈቺ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ሜኑ ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ አይቀየርም።

የካሜራውን መለያ ቁጥር (ከሥሩ ተጽፏል) ደረሰኙ ወይም ውሉ ላይ ካላስጻፍሽ ገንዘብ አትላኪ። ቴሌብሩ ከፍተሻው በኋላ ነው። የድሮ ማስታወቂያ ላይ ባለ የብር ዋጋ ደግሞ አትከራከሪ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ፒያሳ የነበሩ ሱቆች ብዙዎቹ በ2016ቱ ፈረሳ ተነስተዋል፣ ስለዚህ ደውሎ ሳያረጋግጡ ከሱሉልታ መውረድ የታክሲ ኪሳራ ነው።

መልስ፣ ከሰበታ

ስለ አጠቃቀም ጥቂት። በ1200 ሚሊሜትር የተነሳ ፎቶ ደብዛዛ ሲሆን ሰው ካሜራውን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአየሩ ነው። መሬቱ ከሞቀ በኋላ አየሩ ከጋለ ምጣድ በላይ እንደሚታየው ይንቀጠቀጣል፣ የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም። ከ50 ሜትር በላይ ያለውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አንሱ።

ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ለቆመ ወፍ 1/250፣ ለሚበር 1/1000 ሰከንድ አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) በትንሿ ሴንሰር ከ800 አይለፍ። የፎከስ ነጥቡን ወደ ትንሹ አሳንሱ፣ አለበለዚያ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ይይዛል። ወፏ ከጠፋችባችሁ ዙሙን መልሱ፣ ፈልጉ፣ እንደገና አውጡ፤ ካኖን 70 እና ኒኮን 950 ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ሌንሱ ጎን ላይ አላቸው። ከመኪና ከሆነ ሞተሩ ይጥፋ፣ አንድ ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉና ሌንሱን አስተኙበት። ከትራይፖድ አይተናነስም። ትራይፖድ ላይ ከሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያውን አጥፉና ባለ 2 ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ።

ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለ፤ ሌንስ ከማውጣት በፊት ጥበቃዎቹን አናግሩ። ወታደራዊ ካምፕና አየር ማረፊያ ወዳለበት አቅጣጫ ረጅም ሌንስ አትደግኑ።

ጠያቂዋ፣ ከሱሉልታ

እግዜር ይስጥልኝ። ወፎቹ ያሉበትን በእርምጃ ለካሁት፣ አብዛኞቹ ከ40 እስከ 60 ሜትር ላይ ናቸው። ስለዚህ ምርጫዬ በ82 ዲ እና በካኖን 70 መካከል ሆኗል። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋብን ቻርጁስ? ካርዱስ?

መልስ፣ ከለገጣፎ

በዚህ ርቀት ሁለቱም ይበቁሻል። ለመብራቱ ከሆነ 82 ዲ ይሻልሻል፤ በዩኤስቢ ሲ ከፓወር ባንክ ባትሪው ካሜራው ውስጥ እያለ ይሞላል። የካኖኑ ባትሪ ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ነው፣ 325 ያህል ፎቶ ይሄዳል፤ እሱን ከመረጥሽ ሁለተኛ ባትሪ አብረሽ ግዢ።

ካርድ 64 ጊጋ፣ ዩ 3 ወይም ቪ 30 የሚል ምልክት ያለበት። ሐሰተኛው ብዙ ነው፦ 256 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 16 የሆነ፣ ከ16 በኋላ የተነሳውን ሁሉ የሚያበላሽ። ኮምፒውተር ላይ ኤች 2 ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፍ አስሞዪው፤ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፣ ካርዱ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። ሳይፈተሽ ደብረ ሊባኖስ ይዘሽው አትውረጂ። ሌንሱ ፊት የሚታሰረው ማጣሪያ ደግሞ ለፓናሶኒኩ 55 ሚሊሜትር ነው፤ ለአቧራው እሰሪው፣ ወፍ በሙሉ ዙም ስታነሺ ግን ፍቺው፣ ርካሽ መስታወት በ1200 ላይ ፎቶውን ያደበዝዘዋል።