ፊደል ለሚጀምሩ ጎልማሶች ምን ዓይነት የኮምፒውተር መማሪያ ልምረጥ?

ሰላም ለሁላችሁ። ገና ፊደል ለሚጀምሩ 12 ጎልማሶች መማሪያ መምረጥ ቸግሮኛል። ኮምፒውተሮቹ 4 ብቻ ናቸው፤ ያለ ኢንተርኔት መሥራትም አለበት።

ያየኋቸው አብዛኞቹ ለሕፃናት የተሠሩ ናቸው። ፊደል በተነካ ቁጥር ጥንቸል ትዘላለች፤ 50 ዓመት ለሞላው ሰው ይህን መክፈት ያሳፍራል። መመሪያውም በጽሑፍ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው «ለመቀጠል እዚህ ይጫኑ» የሚለውን በምን ያንብበው? ፊደል ጎትቶ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። ማውዙን መሃል ላይ ሲለቁት ፊደሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እነሱ ግን መልሱን የሳቱ ይመስላቸዋል። አንዱ ፕሮግራም ጭራሽ «ሀ» ብሎ ድምፅ ያሰማና «ሐ» ሲመረጥ ስህተት ይላል! ድምፁ አንድ ከሆነ በጆሮ እንዴት ይለዩት?

የምፈልገው 231ዱን ፊደል በተርታ የሚያስቆጥር ሳይሆን ከሚያውቁት ቃል የሚነሳ ነው፦ ከስማቸው፣ ከደረሰኝ፣ ከመድኃኒት ማሸጊያ። የራሴን ቃላትና የተቀዳ ድምፅ የማስገባበት ቢሆን ደግሞ እሰየው።

እንዲህ ያለ ታውቃላችሁ? ከሌለስ በፓወር ፖይንት ስላይድ ድምፅ አያይዤ ብሠራው ያዋጣል? መተየብስ መቼ ይጀመር? «ቤ»ን ለመጻፍ ከአንድ በላይ ቁልፍ መንካት ስላለባቸው፣ ፊደሉን ሳይለዩ ካስጀመርኳቸው እንዳይምታታባቸው ሰግቻለሁ።