የምርጥ ምድጃ ቱቦ ጭሱን ወደ ቤት እየመለሰ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም። ቦታው ሐረር ጀጎል ነው። ማድቤቱ 2 በ2.5 ሜትር፣ መስኮት የለውም። ከምርጥ ምድጃው (እንጨት ቆጣቢው የእንጀራ ምድጃ) የሚወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ወርዱ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለት ቦታ በ90 ዲግሪ ይታጠፍና ከጣሪያው 30 ሳንቲሜትር ብቻ ወጥቶ ያበቃል። የጎረቤት ግንብ ከሱ ይበልጣል፤ ነፋስ ሲነሳ ጭሱ ተመልሶ ይገባል።

ጥላሸቱ ተጠርጓል፣ እንጨቱም ደረቅ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማጠፊያዎቹና የቁመቱ ይመስለኛል። ቀጥ ያለ 15 ሳንቲሜትር ቱቦ ይበቃል ወይስ ከግንቡ በላይ ማሳለፍም ግድ ነው? የቱቦው ጫፍ ላይ የሚደረገው ኮፍያስ ያስፈልጋል?

በሩን ክፈቱ የምትሉ እንዳትደክሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፣ እንዲህ ያለ ማድቤት በቀላሉ ያልፈዋል። ጭስ የሌለው ፍምም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሐረር ወይም ድሬ ቱቦ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ።