ማታ ማታ የሚታደለው ክኒን የሚቆምበት ቀን ይጻፍለት?

ጠያቂዋ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን፦
ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለተኛ ሰው ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ተብሎ ዳያዚፓም ሲጀመርለት፣ የሚቆምበት ቀን አብሮ ካልተጻፈ አይሰጠው ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ወንድሜ ነው። አምስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ነው ሆስፒታል ያስገባነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ክርክሬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለም። አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛዋ ነርስ ከበሩ ጀምራ በየአልጋው ክኒን ታድላለች፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የመጀመሪያው ሌሊት ወንድሜ ሲያንኮራፋ ስሰማ በደስታ አለቀስኩ። ስንወጣ የአንድ ወር ክኒን ተሰጠን፤ ሲያልቅ እንደገና የአንድ ወር። በአምስተኛው ወር መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ በላብ ይጠመቅ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ጀመር። በሽታው አገረሸ ብለን፣ እናታችን ጠበል ልትወስደው ስትሰናዳ ሌላ ሐኪም አየው። ክኒኑ በአንዴ ስለተቋረጠ ነው አለን። በአምስት ወር ውስጥ ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ሐረር፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሳይነገራችሁ መቅረቱ የእኛ ጥፋት ነው። “አይሰጠው” የሚለው ቃልሽ ግን ያስፈራኛል፤ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ዋርድ ሲገባ መጠጡ በአንዴ ይቋረጥበታል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይጥለዋልም። ሊሞት ይችላል፤ ያኔ የሚይዘው ዳያዚፓም ነው። ማኒያ፣ ማለትም ስሜቱ ከልክ በላይ ግሎ የሚያቅበጠብጥ ሕመም፣ ያለበት ሰው ደግሞ ባልተኛ ቁጥር ይብስበታል። ሰውነቱ ደርቆ፣ አፉ ተዘግቶ፣ እህል ውኃ እምቢ ያለ ታካሚ የዳያዚፓም ዘመድ በሆነው በሎራዜፓም ከሰዓታት በኋላ ውኃ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ቀን አልተጻፈም ተብሎ መድኃኒት ይከልከል?

ሌላም አለ። ዳያዚፓም ሲከለከል ሌሊቱ ባዶ አይሆንም፣ ሌላ ክኒን ይተካል። ክሎርፕሮማዚን ይሰጣል፤ ደም ግፊት ስለሚያወርድ ታካሚው ለሽንት ሲነሳ ይወድቃል። ፕሮሜታዚን ይሰጣል፤ እስከ ረፋድ ያፈዛል። አሚትሪፕቲሊን ይዞ ወደ ቤት ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ራሱን ሊያጠፋ በሚያስብ ሰው እጅ አደገኛ ነው፣ ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምት ያዛባል። እኔ የምፈራው ይህን ሽግሽግ ነው።

ፋርማሲስት፣ ድሬዳዋ ከዚራ፦
ሲስተር ስለ አጣዳፊው ሕመም ያሉት እውነት ነው። ስለ ቀኑ ግን ከጠያቂዋ ጋር ነኝ። ዳያዚፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ቫሊየም ተብሎ ሲወጣ ከበፊቶቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች የተሻለ ነው ተብሎ በየቤቱ ገባ። ጥገኝነቱ እየታወቀ ሲመጣ የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ በ1988 ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳይበልጥ መከረ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2020 ስለ ጥገኝነቱና ሲቋረጥ ስለሚያስከትለው አደጋ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ በጉልህ ሳጥን እንዲጻፍ አዘዘ። እኛም አገር ያለ ልዩ የማዘዣ ወረቀት አይሸጥም።

ግን ኑና ማታ ከመስኮቴ ፊት ቁሙ። ከሰዓቱን በርጫ ላይ የዋለ ልጅ፣ ምርቃናው አልበርድ ብሎት፣ “አቦ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ” ይለኛል። የክኒኑን ስም ከየት አወቅህ ስለው፣ ተኝቶ ከታከመ ጓደኛው ነው። አንዳንዱ ላዩ ላይ መጠጥ ይጨምርበታል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ትንፋሽ ያደክማሉ።

ተኝቶ የታከመ፣ ድሬዳዋ፦
የጫቱን ነገር ካነሳችሁ እኔም ልናገር። ዋርድ ገብቼ ጫት ሳቆም ዱካኩ ሊገድለኝ ነበር፣ በየሌሊቱ የሚያንቅ ሕልም። ክኒን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። አንዲት ነርስ አልሰጠችኝም፤ አጠገቤ ተቀምጣ “በጥቂት ቀን ይለቅሃል” አለችኝ። ለቀቀኝ። ያን ቀን ብትሰጠኝ ዛሬም እየዋጥኩት የምኖር ይመስለኛል።

ደግሞ እንቅልፍ ለምን እንደጠፋ ማን ጠየቀ? ድሬ ግንቦት ላይ፣ ማራገቢያው ተበላሽቶ፣ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ። ቀኑን ምንም ሥራ ስለሌለ ሁላችንም እንተኛለን፤ ወደ ማታ ደግሞ አስታማሚዎች ቡና ያፈላሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ተኙ እንባላለን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ብገኝ ካርዴ ላይ “እንቅልፍ የለውም” ተብሎ ይጻፋል። ቁጠሩት እስቲ፣ ሰባት ሰዓት ተኝቼ ነበር!

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ወንድሜ፣ ይህ አሳመነኝ። እኔም ሰዓት ሳልቆጥር እንደዚያ የጻፍኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

ጠያቂዋ፦
ሲስተር፣ “አይሰጠው” ያልኩትን አንስቻለሁ፤ የአረቄውን ነገር አላውቅም ነበር። እንዲህ ይሁን፦ ሲጀመር ምክንያቱና እንደገና የሚታይበት ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ አስታማሚውም በአፉ ይነገረው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
በዚህ እስማማለሁ። የምንጣላው በሚቀጥለው ላይ ነው። ከባቢሌ፣ ከጉርሱም ገጠር የመጣን ሰው በየሳምንቱ ለቅነሳ ተመለስ አልለውም፤ የመኪና ብር የለውም። ወር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያው ቀስ በቀስ መቀነሱን ካልተረከበን ቀን መጻፍ ብቻውን ሰውየውን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

ፋርማሲስት፦
የሚቀነስበትን በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማዘዝ ይቻላል። ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ለግማሽ ይከፈላል፤ በፖስታ በፖስታ አድርገን ቀኑን ጽፈን እንሰጣለን። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ እንስላለን።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ይህን ለባልደረቦቼ አደርሳለሁ። እህቴ፣ ወንድምሽ አሁን ስንት ላይ ደረሰ?

ጠያቂዋ፦
ሐኪሙ በሰጠው ቅነሳ ግማሽ ፍሬ ላይ ነው። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል፤ እናታችን ወደ አንድ ፍሬ እንመልሰው እያለች ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
መብራት የምታጠፉት ስንት ሰዓት ነው?

ጠያቂዋ፦
ሁለት ሰዓት ላይ። እንደ ሆስፒታሉ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
እንግዲያው ሰባት ሰዓት ተኝቷል። ሐኪሙን ሳትጠይቁ ክኒኑን አትንኩት። መብራቱን አራት ሰዓት ላይ አጥፉ፣ ለእናትሽም ቁጠሪላቸው።