የ1974ቱ የላየንስ ጉዞ ሊወደስ ይገባዋል?

የኮልፌ ልጅ፦
እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ደቡብ አፍሪካ የዘመተውን የብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ የራግቢ ቡድን የሚያሞግስ ጽሑፍ ትናንት እዚህ አንብቤ ተናድጃለሁ። ጸሐፊው «ልጆቹ የሄዱት ለመጫወት ብቻ ነው» ይሉናል። ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በእኔ ሰፈር ነውና ይህን አባባል በዝምታ አላልፈውም። ላየንስ በየሜዳው ሲጨበጨብላቸው እሱ ሮበን ደሴት ታስሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት እንኳ ጉዞውን ተቃውሞ ነበር፤ እነሱ ግን ሄዱ።

ከካርዲፍ፦
ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ያልኩትንም አላጥፍም። ያ ቡድን 22 ጨዋታ አድርጎ 21ዱን አሸንፏል፤ በአንዱ ብቻ አቻ ወጥቷል። የዘረኛው አገዛዝ መመኪያ የነበረው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን፣ ስፕሪንግቦክ፣ ፕሪቶሪያ ላይ 28 ለ 9 ሲረታ፣ ተለይቶ በታጠረላቸው ቦታ የቆሙት ጥቁር ተመልካቾች የደገፉት እንግዶቹን ነበር። ቀደም ብለው የሄዱ ቡድኖች እየተደበደቡ ስለተመለሱ፣ አምበሉ ዊሊ ጆን ማክብራይድ «99» የሚል ጥሪ አዘጋጀ፤ ጥሪው ሲሰማ ሁሉም በአንድ ጊዜ አጠገቡ ያለውን ተጋጣሚ ይመታል፣ ዳኛውም አሥራ አምስቱን ማባረር አይችልም። ፖርት ኤልሳቤጥ ላይ የኋላ ተከላካዩ ጄ ፒ አር ዊሊያምስ ጠቡ ውስጥ ለመግባት ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ ሮጧል። አየርላንድ በቦምብ በምትታመስበት በዚያ ዘመን፣ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ የመጡ አይሪሾች ከእንግሊዞች፣ ከስኮትላንዶችና ከዌልሶች ጋር አንድ ቀይ ማሊያ ለብሰው እንዲህ እርስ በርስ ሲከላከሉ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአዳማዋ፦
ወንድሜ፣ ወንድማማችነታቸውን ማንም አልካደም። «ለመጫወት ብቻ» ካሉ ግን ከማን ጋር እንደተጫወቱም ይንገሩን። በስፕሪንግቦክ ውስጥ አንድም ጥቁር አልነበረም። ጥቁሮቹ ሌፐርድስ በሚባል የራሳቸው ቡድን ተለይተው፣ ምዳንትሳኔ በተባለው የጥቁሮች መኖሪያ ነው ላየንስን የገጠሙት። ደግሞም ተጫዋቾቹ አያውቁም ነበር ሊባል አይችልም። ከመነሳታቸው በፊት ተቃዋሚዎች ለንደን የሚገኘው ሆቴላቸው ድረስ ሲመጡ፣ ማክብራይድ ቡድኑን ሰብስቦ የሚያመነታ ካለ አሁኑኑ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ማንም አልወጣም። የእርስዎ የዌልሱ ጆን ቴይለር ግን በ1968 ከላየንስ ጋር ሄዶ ያየውን ካየ በኋላ፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር አልጫወትም ብሎ በ1970 ለአገሩም አልተሰለፈም፤ በ1974ም ቀረ። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ እየኖሩ የእሱን ስም እንዴት ዘለሉት?

ከካርዲፍ፦
ቴይለርን አከብራለሁ፤ ሆኖም እሱን ለማክበር የሄዱትን ሁሉ የአፓርታይድ ወዳጅ ማድረግ አይጠበቅብኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ስፕሪንግቦክን በገዛ አገሩ ያን ያህል ያዋረደ ማን ነበር?

የሩጫ ወዳጅ፦
ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነም ይጠየቅ። ሶዌቶ ላይ ተማሪዎች በተገደሉበት በ1976 የኒውዚላንዱ የራግቢ ቡድን ኦል ብላክስ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን አላግድም በማለቱ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥለው ወጡ። በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ያን ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ፤ ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት እስከ ሞስኮ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ኦል ብላክሶችም «ለመጫወት ብቻ» ነበር የሄዱት።

ከካርዲፍ፦
የኦል ብላክስን ዕዳ በላየንስ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የምሩጽ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል፤ ግን ከ1888 ጀምሮ የቆየ፣ የመጀመሪያው አምበሉ ሮበርት ሴደን በጉዞ ላይ ሳለ አውስትራሊያ ውስጥ ወንዝ ሰጥሞ የቀረበት የረጅም ዘመን ባህል፣ ሌሎች በ1976 ባደረጉት አይመዘንም።

የኮልፌ ልጅ፦
እሺ፣ በራሳቸው ሥራ እንመዝናቸው። በ1977 የኮመንዌልዝ መሪዎች ግሌንኢግልስ ላይ ከአፓርታይድ ጋር የሚደረገውን የስፖርት ግንኙነት ሊያስቀሩ ተስማሙ። ላየንስ ግን በ1980 በቢል ቦሞንት አምበልነት፣ መንግሥታቸው እየተቃወመ፣ እንደገና ሄዱ፤ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ካደረጓቸው አራት ጨዋታዎች (ቴስቶች) ሦስቱን ተሸነፉ። በ1974 ማሸነፋቸው ለጥቁሮች የተከፈለ ውለታ ከነበረ፣ የ1980ው ሽንፈት ለማን ነበር?

ከካርዲፍ፦
የ1980ውን ጉዞ አልደግፍም፤ በጽሑፌም አላነሳሁትም። ስለ ቴይለር ግን ለብቻው እጽፋለሁ።

የአዳማዋ፦
ይጻፉ፣ እናነባለን። ሲጽፉ ግን እሱ እምቢ ያለው የ1974ቱንም ጉዞ ጭምር መሆኑን እንዳይዘሉት።

የኮልፌ ልጅ፦
የእኔም ጥያቄ አልተመለሰም። በ1980 ስህተት የሆነው ጉዞ በ1974 ትክክል የሚሆነው ስላሸነፉ ነው?