ቢንዩቲልስን ካሻሻልኩ በኋላ ከርነሉ ኮምፓይል አልሆን አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም፣ ለአንድ የቆየ ማሽን የሊኑክስ 2.4ን ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ኮምፓይል እያደረግኩ፣ ማለትም ከምንጭ ኮዱ እየገነባሁ ነው። ድሮ ያለችግር ያልፍ ነበር። ቢንዩቲልስን (አሰምብለሩን የያዘውን የመገንቢያ መሣሪያዎች ስብስብ) ወደ 2.16 ካሳደግኩ ወዲህ ግን «የሞቭ ቅጥያ ወይም ኦፐራንድ ልክ አይደለም» እያለ መሃል ላይ ይቆማል። ኮዱን አልነካሁም፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲም ያው ነው። ምን ጉድ ነው?

መልስ 1፦
ጥፋቱ የከርነሉ እንጂ የአሰምብለሩ (ትእዛዞችን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) አይደለም። ኮዱ እንደ ኤፍኤስና ጂኤስ ያሉትን የሴግመንት ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማከማቻዎች) ወደ ሜሞሪ ሲገለብጥ «ሞቭኤል» ይላል፤ «ሞቭ» የመገልበጫው ትእዛዝ ነው፣ «ኤል» የምትባለው ቅጥያ ደግሞ 32 ቢት ማለት ናት፤ ሜሞሪ ላይ የሚጻፈው ግን ምን ጊዜም 16 ቢት ብቻ ነው። የድሮው አሰምብለር አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር፣ ከ2.16 ጀምሮ እምቢ አለ። ስህተቱ የጠቆመህን መስመር ክፈትና «ኤል»ዋን አጥፋት፣ «ሞቭ» ብቻ ይቅር። ሌሎቹን ሞቭኤሎች እንዳትነካ! እኔ አንዴ በጅምላ ተክቼ ቀኑን ሙሉ ስለቅም ዋልኩ።

መልስ 2፦
ኮዱን መነካካት ካልፈለግክ የድሮውን ቢንዩቲልስ ሌላ ፎልደር ውስጥ ጫንና ለዚህ ሥራ ብቻ ፓዙ ላይ (ሲስተሙ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ) አስቀድመው።

መልስ 3፦
እኔን ደግሞ ሪስክ ፋይቭ በሚባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ በቢንዩቲልስ 2.38 ሌላ ገጠመኝ፣ «ሲኤስአርአር»ን (የመቆጣጠሪያ ሬጅስተሮችን የሚያነበውን ትእዛዝ) አላውቀውም አለኝ። እነዚህ ትእዛዞች ከመሠረታዊው የትእዛዞች ስብስብ ከ«አይ» ተነጥለው «ዚሲኤስአር» የሚባል ቅጥያ ስለሆኑ፣ ማርች ላይ (የፕሮሰሰሩን ዓይነት የሚነግረው አማራጭ ላይ) ስሙን መጨመር ነበረብኝ።

ጠያቂው፦
«ኤል»ዋን ሳጠፋ አለፈ! ሁለት ፋይል ላይ ነበረች። ተባረኩ።