ቅርፊት ሲቀይሩ የሚሞቱብኝ ቀይ ሽሪምፖች

የቼሪ ሽሪምፕ (በቤት ውስጥ የውሃ ገንዳ የሚረቡ ትንንሽ ቀይ ሽሪምፖች) ያረባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። በደንብ ይበላሉ፣ ይራባሉም፤ ቅርፊት የሚቀይሩበት ጊዜ ሲደርስ ግን ከጭንቅላታቸው ጀርባ ነጭ ቀለበት ይታይና ከአሮጌው ቅርፊት መውጣት አቅቷቸው ይሞታሉ። በጣም አሳዝነውኛል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የቧንቧው ውሃ በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሰጡት ጀርም ገዳይ) ስለሚታከም፣ ይህ ደግሞ እንደ ክሎሪን ውሃውን በማሳደር ብቻ ስለማይጠፋ፣ ማርከሻ ሳልጨምር ውሃ አልቀይርም። ሙቀቱ 23 ዲግሪ ነው፤ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ የሉም። ሽሪምፕ የሚመርዘው መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ብዙዎች ካልሲየም አንሷል ይላሉ፤ ነገር ግን የውሃው ጥንካሬ (የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠኑ) 7 ዲግሪ ነው፤ ለእነዚህ ሽሪምፖች የሚመከረውም ከ6 እስከ 8 ነው።

እኔ የምጠረጥረው በየሳምንቱ የገንዳውን ሲሶ በአንድ ጊዜ መቀየሬን ነው። ድንገተኛው ለውጥ ያለጊዜያቸው ቅርፊት እያስጣላቸው ይሆን? አስር በመቶ ብቻ፣ ያውም በጠብታ ባደርገው ይሻላል? ዛሬ በትልቋ ላይ ቀለበቱ ታይቷል፤ እሷን ማዳን የሚቻልበት መንገድ ካለ ቶሎ ንገሩኝ።